ምሩቅ የምትስብ ከተማ

ይህን ጋዜጣ ካሩዥ ተቀምጠው እንጀራው እስኪቀርብ የሚያነቡ ከሆነ፣ ያሉት ሰው ለመሳብ ታስባ በተሠራች ከተማ ውስጥ ነው። የሰርዲኒያ ነገሥታት ከአርቭ ወንዝ ማዶ የጄኔቫ ተፎካካሪ ትሁን ብለው አስፋፏት፤ በ1786 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ከተማ ተባለች። ፕሮቴስታንቱንም አይሁዱንም አስተናግዳለች። ወደ ጄኔቫ የተጠቃለለችው በ1816 ነው።

በአገራችን ለዚህ የምትቀርበው ባሕር ዳር ናት። በ1961 ከጣሊያን የጦር ካሣ የተሠራው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ አመጣላት። በ1963 በሶቪየት እርዳታ የተከፈተው ፖሊ ቴክኒክ፣ በ1972 ደግሞ የፔዳጎጂ አካዳሚው ተማሪ አመጡላት። ተማሪ ማምጣት ግን ምሩቅ ማስቀረት አይደለም። በደርግ ዘመን ምሩቁ የት እንደሚሠራ የሚወስንለት የመንግሥት ምደባ ነበር፤ የደረሰውን ወረቀት ይዞ ወደታዘዘበት መሄድ ነው።

ነገሩ የተለወጠው ከ1991 በኋላ፣ ከተማዋ የአማራ ክልል መቀመጫ ስትሆን ነው። የክልል ቢሮዎች ዲግሪ ያለው ሰው ፈለጉ፤ በ2000 ሁለቱ ተቋማት ተዋሕደው ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። ብዙዎች ጣናውንና ዘንባባውን ያወድሳሉ፤ እኛ ግን ወጣቱን ያስቀረው ደመወዙ ነው እንላለን።

በነሐሴ 2023 ውጊያው ከተማዋ ውስጥ ገባ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም በክልሉ ለአንድ ዓመት ገደማ ተዘጋ። በዚያ ዓመት የተመረቀ ልጅ የሥራ ማስታወቂያ የሚያይበትን ስልክ በኪሱ ይዞ ዝም ብሎ ተቀመጠ።