የሚሸጠው ቤት፣ የሚገዛው መሬት

የአንድ ሕዝብ ታሪክ በቤተ መንግሥትና በቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ ብቻ ተጽፎ አይገኝም። መምህሩ ከደሞዙ አጠራቅሞ በሠራው ባለ በረንዳ ቤት፣ ነጋዴው ፊቱን ወደ ጎዳና አዙሮ በከፈተው ሱቅ፣ የመንግሥት ጸሐፊው በአቡጀዲ ኮርኒስ ባስጌጠው ሳሎን ውስጥም የዘመን አሻራ አለ። ይሁን እንጂ ስለ ቅርስ በተነሣ ቁጥር ዓይናችን ወደ አክሱም ሐውልት፣ ወደ ላሊበላ ውቅር፣ ወደ ጎንደር ግንብ ያቀናል፤ ወላጆቻችን የኖሩበት፣ እኛም ፊደል የቆጠርንበት ቤት ግን «አሮጌ ቤት» ከመባል አያልፍም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በ1940ዎቹ፣ በ50ዎቹና በ60ዎቹ ዓመተ ምሕረት ስለ ተሠሩት የከተማ መኖሪያ ቤቶች፣ ስለ ሽያጫቸውና ስለ አጠባበቃቸው ጥቂት ሐሳብ ማቅረብ ነው።

ነገሩን ልብ እንድለው ያደረገኝ በሐዲያ ምድር፣ በአንሌሞ ወረዳ ዋና ከተማ በፎንቆ የገጠመኝ ነው። አንድ አዛውንት በመንገድ ዳር ካለው ቤታቸው በረንዳ ላይ አስቀምጠው ቡና አስፈሉልኝ። ቤቱ አራት ማዕዘን ነው፤ ቋሚውና ማገሩ ባሕር ዛፍ፣ ግድግዳው ጭድ የገባበት ጭቃ፣ ክዳኑ ዝገት ያቀላው ቆርቆሮ። ከበስተኋላው እንሰቱ ጥላውን ጥሎ ቆሟል። ሊሸጡት ተስማምተዋል። በዋጋው ቅር እንዳልተሰኙ ነገሩኝና ጥቂት ቆይተው እንዲህ አሉ፦ «ልጄ፣ ሊገዛ የመጣው ሰው እኮ ወደ ውስጥ አልገባም። ከአጥር እስከ አጥር በእርምጃ ለካና ዋጋውን ነገረኝ። ገብቶ አይቶት ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባልከፋኝ።»

እኒህ አዛውንት በአንዲት ዓረፍተ ነገር የተናገሩት፣ የከተሞቻችን የሃምሳ ዓመት ታሪክ ነው። ለመሆኑ ገዢው ቤቱን ሳያይ ቤት የሚገዛበት ሁኔታ እንዴት ተፈጠረ? ይህን ለመረዳት ከቤቱ አመጣጥ መጀመር ያስፈልጋል።

በሐዲያና በከምባታ የገጠር ኑሮ ቤት ማለት ክብ ነበር። በሐዲይኛ «ሚኔ» የሚባለው ይህ ቤት በሣር ክዳኑ ሥር ሰውንም ከብትንም በአንድነት ያስጠልላል፤ የከብቱ ፍግ ለእንሰቱ፣ እንሰቱ ለቤተሰቡ ይሆናል። ቤት፣ ከብትና ተክል አንዱ ሌላውን የሚመግብባቸው የአንድ ኑሮ ሦስት ገጾች ነበሩ። ቀድሞ ዋቸሞ ትባል የነበረችው ሆሳዕና በሸዋ ጠቅላይ ግዛት ሥር የአውራጃ ከተማ ሆና ስትደራጅ ግን ሌላ ዓይነት ቤት አስፈለገ። ዳኛው፣ ጸሐፊው፣ መምህሩ፣ ነጋዴው ከብት ይዞ አይኖርም፤ እንግዳ የሚቀበልበት ሳሎን፣ ወደ መንገድ የሚከፈት በር፣ ለሱቅ የሚሆን ክፍል ይሻል። አራት ማዕዘኑ ባለ ቆርቆሮ ቤት የተስፋፋው ይህን የአኗኗር ለውጥ ተከትሎ ነው። ክቡ ቤት ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ጓሮው ሲያይ፣ አራት ማዕዘኑ ቤት ግን ፊቱን ወደ ጎዳና አዞረ። በረንዳው በቤተሰብና በአደባባይ መካከል የተዘረጋ ድልድይ ሆነ።

ይህንን ቤት የሠራው አርክቴክት አይደለም። አናጢው በልምድ ለካው፤ ጭቃውን ጎረቤት በደቦ ረገጠው፤ ቆርቆሮው ከዕቁብ በደረሰ ገንዘብ ተገዛ። ነገር ግን የመሬቱን ክብነት ሙሉ በሙሉ አልካደም፤ እንሰቱን ይዞ ወደ ከተማ ገብቷል። ከፊት ከተሜ፣ ከኋላ ባላገር የሆነው የፎንቆው ቤት፣ አንድ ሕዝብ ከአንዱ የኑሮ ሥርዓት ወደ ሌላው ሲሸጋገር የተወው የእግር ዱካ ነው።

በዚያው ዘመን በአዲስ አበባ ሥነ ሕንፃ በሌላ ደረጃ ይራመድ ነበር። የኢትዮ ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ተቋም በ1947 ዓ.ም. ተከፈተ። በ1953 ዓ.ም. የተመረቀውን የአፍሪካ አዳራሽ አርቱሮ መዘዲሚ ነደፈው። ኢትዮጵያዊው ሚካኤል ቴድሮስ ከዛልማን ኤናቭ ጋር ሆኖ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርን ሕንፃ ሠራ። የእነዚህ ታላላቅ ሕንፃዎች መንፈስ ወደ መኖሪያ ቤቶችም ወረደ፤ ዝቅ ያለ ጣሪያ፣ ሰፊ መስኮት፣ የድንጋይ ግድግዳ፣ ሊሾ ወለል፣ ከግቢው ጥግ የተለየ ሰርቪስ ቤት ያላቸው ቪላዎች በየሰፈሩ ተሠሩ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት መኖሪያዎች፣ «ካዛ ኢንቺስ» ከሚለው የጣሊያንኛ መጠሪያ ስሙን ያገኘው ካዛንቺስ፣ ከነፃነት በኋላ በእንዲህ ዓይነቶቹ ቤቶች ተሞልቶ የራሱ ጠባይ ያለው ሰፈር ሆነ።

ከዚያ በኋላ የቤቶቹን ዕድል የወሰነው ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ነው። አዋጁ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ፈቀደ፤ ለአዲስ ቤት የሚሰጠውን ቦታ በ500 ካሬ ሜትር ወሰነ፤ አነስተኛ ኪራዮችን ከ15 እስከ 50 በመቶ ቀነሰ። ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ወደ ኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተዛወሩ። በጥቂት ባለ ርስቶች እጅ የነበረው የአዲስ አበባ መሬት ከእጃቸው ወጣ፤ ለብዙ ሺህ ተከራይ ደግሞ ከመባረር ሥጋት እፎይታ ሆነ። ይህንን የሚክድ የታሪክ ጸሐፊ የለም።

በቅርስ ዓይን ሲታይ ግን የአዋጁ ውጤት ሁለት ገጽ አለው። ትርፍ የተባለው ቤት ሊሸጥና ሊለወጥ ስለማይችል፣ ባለበት ቆሞ ቀረ። ሌሎች አገሮች በገበያ ያጡትን የ1950ዎቹን ሰፈር እኛ ሳናስበው አቆየነው። ነገር ግን የኪራዩ ገንዘብ ጣሪያ ለማደስ አይበቃም ነበር፤ ተከራዩ «የኔ አይደለም» ብሎ፣ ቀበሌው «በጀት የለም» ብሎ ምስማር ሳይመታበት ዓመታት አለፉ። አዋጁ ቤቱን ከመፍረስ አዳነው፤ ከመበስበስ ግን አላዳነውም። በአንድ ቤተሰብ ልክ የተሠራው ቪላ በጣውላ እየተከፋፈለ አራትና አምስት ቤተሰብ አኖረ። ነዋሪው በጋራ መጸዳጃ ሲቸገር፣ የመስኮቱን ውበት እንዲያደንቅ መጠየቅ ቅንነት የጎደለው ነገር ነው።

ሦስተኛው ምዕራፍ የተከፈተው በሊዝ ሥርዓት ነው። በ1986 የወጣው የመጀመሪያው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 80፣ ከዚያም የ1994ቱና የ2004ቱ አዋጆች የከተማ ቦታን ዋጋ ያለው ነገር አደረጉት። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ መሆኑን ደነገገ፤ በዚያው አንቀጽ ደግሞ ዜጋው በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬቱ ላይ የገነባውን የማስተላለፍ መብቱን አረጋገጠ። በሕጉ ቋንቋ የሚሸጠው እንግዲህ ቤቱ ነው፤ መሬቱ አይደለም።

ገበያው ግን ሕጉን ገልብጦ ያነበዋል። የቤት ሽያጭ ውል ላይ የሚጻፈው የክፍሉ ብዛት፣ የግድግዳውና የጣሪያው ዓይነት ነው፤ ዋጋው የሚቆረጠው ግን በቦታው ስፋትና በመንገዱ ቅርበት ነው። መሬት እንዳይሸጥ ስለ ተከለከለ፣ ቤቱ ለመሬቱ ሽያጭ የሕግ ልብስ ሆነ። ውሉ ከተፈረመ በኋላ ያ ልብስ አያስፈልግም፤ ይወልቃል። የፎንቆው ገዢ ወደ ቤቱ ያልገባው ክፉ ሰው ስለ ሆነ አይደለም። ለእርሱ ቤቱ ከወረቀቱ ውጭ አልነበረም።

በዚህ ላይ በሆሳዕናና በአካባቢዋ ሌላ ኃይል ተጨምሯል። ከ1990ዎቹ ወዲህ ብዙ የሐዲያና የከምባታ ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ ተሰደዋል። በዚያ በትናንሽ ሱቆች ሌት ተቀን ሠርተው፣ አንዳንዶቹም በዘረፋና በጥቃት ሕይወታቸውን አጥተው የላኩት ገንዘብ በሆሳዕና ጎዳናዎች ላይ ፎቅ ሆኖ ቆሟል። ስደተኛው የአባቱን ቤት አፍርሶ ባለ መስታወት ሕንፃ ሲተክል፣ ለወላጁና ለመንደሩ «ተሳክቶልኛል» ማለቱ ነው። በዚህ ልንፈርድበት አይገባም፤ አባቱም በ1950ዎቹ ክቡን ቤት ትቶ አራት ማዕዘኑን ሲሠራ የተናገረው ይህንኑ ነበር። ልዩነቱ፣ አባቱ የድሮውን ዕውቀት ይዞ ወደ አዲሱ መሻገሩ ነው። የዛሬው ሕንፃ ግን ከሆሳዕና ይሁን ከሌላ ከተማ አይለይም። ሆሳዕና በ2015 ዓ.ም. የተመሠረተው የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ከሆነች ወዲህ ደግሞ የቦታ ፍላጎቱ የበለጠ መጠንከሩ የሚጠበቅ ነው።

በመዲናይቱ የሆነውም ትምህርት ይሰጣል። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በአካባቢው፣ በ2017 መጀመሪያ ደግሞ በካዛንቺስ በኮሪደር ልማትና በመልሶ ማልማት ምክንያት ሰፋፊ ሰፈሮች ፈረሱ፤ ነዋሪዎች ወደ ሌላ አካባቢ ተዛወሩ። መንገዱ ሰፍቷል፤ የእግረኛ መተላለፊያውና የፍሳሽ መስመሩ ተሠርቷል። ነገር ግን ጎረቤት ከጎረቤት፣ ዕድር ከዕድርተኛ ተለያይቷል። አንድ ሰፈር ሲፈርስ የሚጠፋው ግድግዳ ብቻ አይደለም። ተውኔት ደራሲ ነኝና በሙያዬ ልናገር፦ መድረኩ ከተነሣ ተዋናዮቹ ቃላቸውን ቢያስታውሱም ትያትሩ አይቀጥልም።

ታዲያ ምን ይደረግ? «ሁሉም ይጠበቅ» ማለት ቀላል ነው፤ ፍትሐዊ ግን አይደለም። የፎንቆው አዛውንት ያላቸው ሀብት ያ ቤት ብቻ ነው። «ቅርስ ነውና አትሽጡ» ብንላቸው፣ የሕዝብን ትዝታ የማቆየት ዕዳ በአንድ ድኻ ሽማግሌ ጫንቃ ላይ መጫናችን ነው። ቅርስ የሁሉም ከሆነ ወጪውም የሁሉም መሆን አለበት።

ሕጉ ለዚህ በር አልዘጋም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን የሚመዝነው በሳይንሳዊ፣ በታሪካዊ፣ በባህላዊና በኪነ ጥበባዊ ዋጋው ነው። የጥገናው ወጪ ከባለቤቱ አቅም በላይ ሲሆን መንግሥት ከፊሉን ሊሸፍን እንደሚችልም ይገልጻል። በ2006 የወጣው አዋጅ ቁጥር 839 ደግሞ ቅርሶችን በብሔራዊና በክልላዊ ደረጃ ይመድባል። ስለዚህ የፎንቆ ቤት እንደ ፋሲል ግንብ እንዲመዘን አይጠበቅም፤ በራሱ ክልል፣ በራሱ ሚዛን ሊታይ ይችላል።

ምሳሌም አላጣንም። የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል መኖሪያ የነበረው ቤት ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ የአዲስ አበባ ሙዚየም ሆኖ አገልግሏል። የሐረር ጀጎል በ1998 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ፣ ከመስጊዶቹና ከግንቡ ጋር ሰዎች የሚኖሩባቸው ቤቶች ተቆጥረዋል። አሥመራ በ2009 የተመዘገበችው በጥንታዊነቷ ሳይሆን በሃያኛው መቶ ዘመን ቤቶቿ፣ ሲኒማዎቿና ሱቆቿ ነው። ከሁሉ ይልቅ ለእኛ ጥያቄ የሚቀርበው ቴል አቪቭ ነው። በ1995 የተመዘገበው «ነጭ ከተማ» ቤቶቹ በአብዛኛው የግል ናቸው። በዚያ ባለቤቱ ቤቱን በሥርዓቱ ካደሰ ተጨማሪ ወለል እንዲሠራ ይፈቀድለታል፤ ጥብቅ ጥበቃ በሚደረግላቸው ቤቶች ላይ ደግሞ ያልተጠቀመበትን የመገንባት መብት ወደ ሌላ ቦታ አዛውሮ መሸጥ ይችላል። ማለትም ጥበቃው ባለቤቱን አያደኸይም።

ከዚህ በመነሣት ለከተሞቻችን ሦስት ሐሳብ ላቅርብ። አንደኛ፣ ማንኛውም የ1940ዎቹ፣ የ50ዎቹና የ60ዎቹ ቤት ከመፍረሱ በፊት ይለካ፣ ፎቶግራፍ ይነሣ፣ የሠራው አናጢና የኖረበት ሰው ታሪክ ይመዝገብ። ይህ ለትምህርት ቤቶች የታሪክና የሥዕል ክፍለ ጊዜ ጥሩ ሥራ ነው፤ ደብተር፣ ሜትርና ትዕግሥት እንጂ ብዙ በጀት አይጠይቅም። ሁለተኛ፣ የፊቱ ቤት ቆሞ በጓሮው በኩል እንዲገነባ የሚፈቅድ ደንብ ይውጣ፤ የዚያ ዘመን ግቢ ሰፊ ነውና ሁለቱን ማስታረቅ ይቻላል። ሦስተኛ፣ ቤቱን ጠብቆ ለሚሸጥና ጠብቆ ለሚገዛ የሊዝ ወይም የግብር ቅናሽ ይደረግለት። ገበያ ቤቱን ዜሮ ብሎ ከተመነ፣ ዋጋ ልንሰጠው የሚገባን እኛ ነን።

ፎንቆን ከመልቀቄ በፊት አዛውንቱ ወደ ቤቱ አስገቡኝ። ግድግዳውን በእጃቸው እየዳሰሱ የትኛውን ክፍል በየትኛው ዓመት እንደ ጨመሩ፣ የትኛው ልጅ በየትኛው ጥግ እንደ ተወለደ ነገሩኝ። ወረቀትና እርሳስ አውጥቼ የቤቱን ንድፍ ሳልሁ፤ በረንዳውን፣ ሳሎኑን፣ ጓዳውን፣ የኋላውን በርና እንሰቱን። ሥዕሉን አይተው አንድ ነገር አረሙልኝ፦ «ይህ በር ወደ ውጭ ነው የሚከፈተው።» አስተካከልሁት። ቤቱ ይሸጣል። ምናልባትም ይፈርሳል። በሩ ወደ የት ይከፈት እንደ ነበር ግን ከእንግዲህ የሚያውቁት እርሳቸው ብቻ አይደሉም።