የትምህርት ቤት ደወል
የመኪና ቸርኬ፣ ከብረት መምቻው ጋር
20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ገደማ
አታት፣ ጉራጌ ዞን

ከመኪና የወለቀ ቸርኬ በሽቦ ከዛፍ ላይ ተሰቅሎ በብረት ሲመታ ድምፁ የእንሰት ጓሮዎችን አልፎ ይሰማል። ሰዓት በየቤቱ ባልነበረበት ዘመን በካቶሊክ ቁምስና ትምህርት ቤት ለሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ፣ ለክፍለ ጊዜ መለወጫ፣ ለእረፍትና ለመውጫ የሚደወለው ይህ ነበር። ለቅዳሴ የሚጠራው የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ሌላ ነው።

የትምህርት ዓመቱ መስከረም ላይ ቢከፈትም፣ አገሩ ሙሉ ቀልቡ መስከረም 17 በሚውለው መስቀል ላይ ነው። ከአዲስ አበባና ከየከተማው ልጆቹ የሚገቡት፣ ክትፎው የሚቀርበው፣ ሽማግሌ የሚመርቀው ያን ሰሞን ነው፤ ስለዚህ የትምህርቱ ድባብ በእውነት የሚደምቀው ከበዓሉ በኋላ ነው። በግዕዝ ሥርዓት የሚያስቀድሰው ካቶሊክ ምእመን ገናን ታኅሣሥ 29 ከኦርቶዶክስ ጎረቤቱ ጋር ያከብራል፤ የትምህርት ቤቱ ደወልም ያን ዕለት ያርፍ ነበር። ሰኔ የፈተና ወር ነው።

ከትምህርት ቤቱ ሌላ፣ በአታት እ.ኤ.አ. በ1969 የሕክምና ሚሲዮን እህቶች የተባሉ የካቶሊክ ደናግል ሆስፒታል ከፍተዋል። አካባቢው ዛሬ በ1996 ዓ.ም. በተቋቋመው የእምድብር ካቶሊክ ሀገረ ስብከት ሥር ይገኛል።