«ብሬድ»፡ ሲሳይ፣ እንጀራ፣ ዳቦ ወይስ ኅብስት?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

እንግሊዝኛ መማር የጀመረ ሕፃን ሁሉ ቀድሞ ከሚያጠናቸው ቃላት አንዱ «ብሬድ» ነው። ብዙውን ጊዜ «ዳቦ» ተብሎ ይፈታል። ይህ ፍቺ ለገበያና ለማእድ ቤት ይበቃል። ቃሉ በእንግሊዝኛው መጽሐፍ ቅዱስና በእንግሊዝኛ በተዘጋጀ መጽሐፈ ቅዳሴ ውስጥ ሲገኝ ግን «ዳቦ» ማለት ብቻውን አይበቃም። በባዕድ አገር ተወልደው የሚያድጉ ልጆቻችን በአንድ ቃል የቁርሳቸውንም የመሠዊያውንም ነገር ሲጠሩ፣ የተቀደሰውንና ያልተቀደሰውን ለይተው የሚያውቁበት መንገድ ይጠብባቸዋል። ስለዚህ የቃሉን ትርጉም፣ አገባቡንና በቋንቋችን ያሉትን አቻዎች ለይቶ ማወቅ ለወላጆችም ለሰንበት ትምህርት ቤት መምህራንም ይጠቅማል።

የቃሉ ትርጉምና አገባብ በእንግሊዝኛ

«ብሬድ» በመጀመሪያ ትርጉሙ ከዱቄትና ከውኃ ተቦክቶ የተጋገረ ምግብ ማለት ነው። በእንግሊዝኛ ሰዋስው የማይቈጠር ስም ስለሆነ «ሁለት ብሬድ» አይባልም፤ ሙሉውን ለመቍጠር «ሎፍ»፣ ቍራሹን ለመቍጠር «ስላይስ» የሚሉ ቃላት ይጨመሩበታል። በሁለተኛ ትርጉሙ ምግብን ሁሉ፣ ከዚያም አልፎ ሰው የሚኖርበትን መተዳደሪያ ይወክላል፤ «ደይሊ ብሬድ» ሲባል የዕለት ጉርስ፣ «ብሬድዊነር» ሲባል ሠርቶ ቤተሰቡን የሚመግብ ማለት ነው። በተራ አነጋገር ገንዘብም «ብሬድ» ይባላል። «ብሬክ ብሬድ» ሲባል ደግሞ አብሮ ማእድ መቍረስ ነው።

በጥንቱ እንግሊዝኛ ለዚህ ምግብ የሚነገረው ዋና ቃል የዛሬው «ሎፍ» አባት የሆነው «ህላፍ» ነበር። «ሎርድ» የሚለው የጌትነት መጠሪያ የተገኘው ከዚሁ ቃል ሲሆን የጥንት ትርጉሙ «የዳቦ ጠባቂ» ነው። ጌታ የተባለው በቤቱ ያሉትን የሚመግበው ሰው ነበር ማለት ነው።

አቻዎቹ በግእዝና በአማርኛ

በቋንቋችን «ብሬድ»ን የሚተካ አንድ ቃል የለም፤ ቢያንስ አራት ቃላት ሥራውን ተካፍለውታል።

ሲሳይ፦ «ሴሰየ» (መገበ) ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ነው። ሰው የሚመገበውን፣ የሚኖርበትን ሁሉ ይይዛል። ጌታችን ባስተማረን ጸሎት (ማቴ. 6፥11) እንግሊዝኛው «ብሬድ» ያለውን በግእዝ የምንጸልየው «ሲሳይ» ብለን ነው፤ አማርኛው ደግሞ «የዕለት እንጀራ» ይለዋል። ሦስቱም አንድን ልመና ይገልጻሉ፤ የግእዙ ቃል ግን ልመናው ስለ አንድ ዓይነት ምግብ ሳይሆን ስለ ኑሯችን ሁሉ መሆኑን በግልጥ ያሳያል።

እንጀራ፦ በምጣድ የሚጋገረው የዕለት ምግባችን ነው። እንደ እንግሊዝኛው ቃል ሁሉ መተዳደሪያንም ይወክላል፤ «እንጀራ ፍለጋ ወጣ»፣ «እንጀራው ተዘጋ» ይባላል። በ1954 ዓ.ም. በታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በብዙ ቦታ የግእዙ «ኅብስት» «እንጀራ» ተብሎ ተተርጉሟል። ጌታችን አምስት ሺህ ሕዝብ የመገበበት የብላቴናው ስንቅም በዚያ ትርጉም የገብስ እንጀራ ነው (ዮሐ. 6፥9)። ስለዚህ በቅዱስ መጽሐፍ «እንጀራ» የሚለውን ስናነብ በምጣድ ላይ የተጋገረ የጤፍ እንጀራን ብቻ ማሰብ አይገባም።

ዳቦ፦ ከስንዴ ወይም ከሌላ እህል ተቦክቶ በወፍራሙ የሚጋገረው ነው። ድፎ ዳቦ ለሰንበቴ፣ ለማኅበርና ለተዝካር ይቀርባል። ነሐሴ 13 ቀን በደብረ ታቦር በዓል ለሕፃናት የሚሰጠው ሙልሙልም ዳቦ ነው። ከቅዳሴ በኋላ ወይም በበዓላት ለምእመናን የሚታደለው «መክፈልት» ይባላል። ያልቦካው ደግሞ በአማርኛ «ቂጣ»፣ በግእዝ «ናእት» ነው። እነዚህ ሁሉ ከበረከት የሚቈጠሩ እንጂ ቁርባን አይደሉም።

ኅብስት፦ «ኀበዘ» (ጋገረ) ከሚለው ግሥ የወጣ የግእዝ ስም ነው። በዘፍጥረት 40 ከዮሴፍ ጋር የታሰረው የፈርዖን ሹም በአማርኛ «የእንጀራ አበዛ» መባሉ ከዚሁ ሥር ነው። በግእዝ ኅብስት ማንኛውም የተጋገረ ምግብ ሲሆን በዛሬው የቤተ ክርስቲያን አነጋገር ግን ለመሠዊያው የሚቀርበው ተለይቶ የሚጠራበት ስም ሆኗል። ይህ ኅብስት ከንጹሕ ስንዴ ዱቄት በቤተልሔም በዲያቆናት እጅ ይዘጋጃል። «ቤተልሔም» በዕብራይስጥ «የኅብስት ቤት» ማለት ነውና ጌታችን በተወለደባት ከተማ ስም መጠራቱ ከሥራው ጋር ይስማማል። ኅብስቱ በመሶበ ወርቅ ሆኖ ወደ ቤተ መቅደስ ይገባል። ከተባረከና ከተለወጠ በኋላ ግን ኅብስት ብቻ ብለን አንጠራውም፤ እውነተኛ የክርስቶስ ሥጋ ነውና «ቅዱስ ሥጋው» እንላለን። በእንግሊዝኛ የሚያስተምሩ መምህራንም በዚህ ቦታ «ብሬድ» የሚለውን ትተው «ሆሊ ኮሚዩንየን» የሚለውን እንዲጠቀሙ ይመከራል።

የፎገራ ምሳሌ

በስሙና በእህሉ መካከል ያለውን ልዩነት ለማስተዋል የፎገራ ሜዳ መልካም ምሳሌ ነው። በደቡብ ጎንደር ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ የተዘረጋውን ይህን ሜዳ ርብና ጉማራ የተባሉት ወንዞች ያጠጡታል። ከተማው ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኝ ሲሆን ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ የሚወስደው መንገድም የሚገነጠለው ከዚያ ነው። አካባቢው በፎገራ የከብት ዝርያ ይታወቃል። በክረምት ውኃ የሚተኛበት መሬት አስቀድሞ በአብዛኛው ለግጦሽ፣ ውኃው ሲሸሽም ለጓያና ለሽምብራ ይውል ነበር። ባለፉት ዐሥርት ዓመታት ግን ሩዝ ገብቶ ሜዳውን ለወጠው፤ ዛሬ ፎገራ በኢትዮጵያ ከዋነኞቹ የሩዝ አምራች አካባቢዎች አንዱ ነው። የብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማእከል የሚገኘውም በወረታ ነው።

የፎገራ እናቶች የሩዙን ዱቄት ከጤፍ ጋር ቀላቅለው ይጋግራሉ፤ የሚወጣውም እንጀራ ይባላል። እህሉ ተለወጠ፣ ስሙ ግን ጸና። «የዕለት እንጀራችንን» ብሎ የሚጸልየው የሜዳው ገበሬም ጸሎቱ አልተለወጠበትም፤ የሚለምነው ሲሳዩን ነውና። ከሩዝ የተጋገረ እንጀራም እንደ ጤፉ ሁሉ ባርኮ የሚበላ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው።

በቤተልሔሙ ግን ሥርዓቱ ሌላ ነው። ሩዝ በሞላበት አገርም ቢሆን ለመሠዊያው የሚቀርበው ኅብስት ከስንዴ ይዘጋጃል፤ ይህ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነውና እንደ ምርቱ ዓይነት አይለወጥም። ገበሬው የሩዙን ዐሥራትና በኵራት ለቤተ እግዚአብሔር ይሰጣል፤ መባውም በእግዚአብሔር ፊት የተወደደ ይሆንለታል። ስለዚህ እንጀራው በእህል ይለዋወጣል፤ ኅብስቱ አይለወጥም። በ«ብሬድ» ውስጥ የተደባለቀው ልዩነት በፎገራ በግልጥ ይታያል።

ባልንጀራ

ከእነዚህ ቃላት ሁሉ በላይ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ቃል አለ፤ እርሱም «ባልንጀራ» ነው። «ባለ እንጀራ» ከሚለው የተገኘ ሲሆን እንጀራ የሚካፈል፣ በአንድ ማእድ የሚቀርብ ማለት ነው። እንግሊዝኛውም «ኮምፓኒየን» የሚለውን ቃል የወረሰው «አብሮ» እና «ዳቦ» የሚል ትርጉም ካላቸው ሁለት የላቲን ቃላት ነው። እርስ በርስ የማይዘማመዱ ሁለት ቋንቋዎች ወዳጅን በእንጀራ ሰየሙት።

ጌታችን ከታላላቆቹ ትእዛዛት አንዱ አድርጎ ያስተማረው የባልንጀራን ፍቅር ነው። ባልንጀራዬ ማን ነው ብሎ ለጠየቀው ሕግ ዐዋቂ የመለሰለትም በመንገድ የወደቀውን ሰው ባነሣው በደጉ ሳምራዊ ምሳሌ ነው (ሉቃ. 10፥25-37)። እንግዲህ ባልንጀራ ማለት አስቀድሞ ከእኛ ጋር የበላ ብቻ ሳይሆን እንጀራችንን ልናካፍለው የሚገባን ሁሉ ነው። ነቢዩ ኢሳይያስም እግዚአብሔር የሚወደው ጾም እንጀራን ለተራበ መቍረስ እንደሆነ አስተምሯል (ኢሳ. 58፥7)። ቅዱስ ጳውሎስ የቆሮንቶስን ምእመናን አጥብቆ የገሠጸው አንዱ ጠግቦ ሌላው እየተራበ ለጌታ ማእድ በመሰብሰባቸው ነው (1ኛ ቆሮ. 11፥17-34)።

ይህ ለፎገራም ለሁላችንም የሚነገር ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ባጥለቀለቁ ጊዜ ብዙ ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቅሏል። ያቺው ሩዝ የምታበቅል ውኃ በአንድ ሌሊት ጎተራ ታጠፋለች። እንዲህ ባለ ጊዜ ቃላቱ ሁሉ ይፈተናሉ። ሲሳያችንን እግዚአብሔር እንዲሰጠን ለምነን፣ ኅብስቱ ተለውጦ የሆነውን ቅዱስ ሥጋውን ተቀብለን፣ እንጀራችንን ግን ከተራበው ብንደብቅ ባልንጀራ የሚለውን ስም ከራሳችን ላይ እንፍቃለን።

ስለዚህ ወላጆችና መምህራን ሆይ፣ ልጆች «ብሬድ ምንድን ነው?» ብለው ሲጠይቁ አራቱን ቃላት በየቦታቸው አስተምሯቸው። የምንለምነው ሲሳይ፣ የምንቈርሰው እንጀራና ዳቦ፣ ለመሠዊያው የምናቀርበው ኅብስት፣ ከተለወጠ በኋላም በፍርሃትና በንጽሕና የምንቀበለው ቅዱስ ሥጋው ነው። አምስተኛውንም ቃል ባልንጀራን ጨምሩላቸው፤ በቃል ብቻ ሳይሆን የተቸገረውን ወደ ማእዳችሁ በመጥራት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።