የፓርኩን ሒሳብ ማን ከፈለ?

ከሊቨርፑል ከተማ ወንዝ ማዶ በርከንሄድ የምትባል ከተማ አለች። በ1801 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች ነው) ነዋሪዎቿ 110 ብቻ ነበሩ። የዊልያም ሌርድ የመርከብ ሥራ ከመጣ በኋላ፣ በ1841፣ ከ8 ሺህ አለፉ። ሰው ሲጎርፍ ቤት ይሠራል፣ መንገድ ይወጣል፤ መተንፈሻ ቦታ የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። የበርከንሄድ አስተዳዳሪዎች አስታወሱ። ከደግነት ብቻ ነው ማለት ግን ይከብዳል።

በ1843 ፓርላማው 60 ሺህ ፓውንድ እንዲበደሩ በሕግ ፈቀደላቸው። 226 ኤከር፣ ማለትም 91 ሄክታር ገደማ፣ ረግረጋማ የግጦሽ መሬት ገዙ። 125 ኤከሩ ለማንም ሰው በነጻ ክፍት የሚሆን ፓርክ ተባለ። የቀረው ዙሪያውን ለቤት መሥሪያ ተሸነሸነ። ስሌቱ ግልጽ ነው፤ ፓርክ ፊት ለፊት ያለ ቦታ ዋጋው ይወደዳል፣ ከሽያጩ የሚገኘው ደግሞ ብድሩን ይከፍላል። ሀብታሙ ለመስኮቱ እይታ ሲከፍል የመርከብ ሠራተኛው ልጅ በነጻ ይጫወታል ማለት ነው።

ንድፉን የሠራው ጆሴፍ ፓክስተን ነው፤ የአንድ መስፍን አትክልተኛ የነበረ ሰው። ውሃውን አንጠፍጥፎ ሐይቅ አስቆፈረ፣ ከጉድጓዱ የወጣውን አፈር ደግሞ ኮረብታ አደረገው። ፓርኩ ሚያዝያ ወር 1847 ተከፈተ።

ያው ዓመት ግን የኢኮኖሚ ቀውስ ይዞ መጣ። ገዢ ጠፋ፤ ከታሰቡት ቤቶች ብዙዎቹ ወረቀት ላይ ቀሩ። ስሌቱ ሁሉ የቆመው በቦታ ዋጋ ላይ ነበር፣ ዋጋ ደግሞ ቃል አይጠብቅም። ብድሩ በከተማዋ ስም ስለነበር ሥጋቱም የነዋሪው ነበር። የፓርኩ በር ግን አልተዘጋም።

በ1850 ፍሬድሪክ ሎው ኦልምስተድ የሚባል አሜሪካዊ በከተማዋ ሲያልፍ አንድ ዳቦ ጋጋሪ «ፓርኩን ሳታይ እንዳትሄድ» አለው። ሄዶ አየ፤ ድሃውም ሀብታሙም እኩል መግባቱ አስገረመው። በ1858 ከካልቨርት ቮክስ ጋር የኒውዮርክን ሴንትራል ፓርክ የንድፍ ውድድር አሸነፈ።

ኒውዮርክ ላይ ሒሳቡ ሌላ መልክ ነበረው። ከመሬቱ ወጪ አንድ ሦስተኛ ያህሉ፣ ዋጋቸው ይጨምራል በተባሉት የአካባቢው ባለይዞታዎች ላይ ተጣለ። ቦታው ግን ባዶ ግጦሽ አልነበረም። ሴኔካ ቪሌጅ በምትባል መንደር 225 ገደማ ሰዎች ይኖሩ ነበር፤ አብዛኞቹ ጥቁሮች፣ ከነሱም የገዛ መሬት ያላቸው ነበሩበት። ቤተ ክርስቲያኖችና ትምህርት ቤት ነበሯቸው። ካሳ ተከፈለ፤ አነሰን ብለው ክርክር ያቀረቡም ነበሩ። በ1857 መንደሯ ተነሣች፣ ነዋሪዎቹም ተበተኑ።