የዘገምተኛው ትንሣኤ
በእንግሊዝ አገር፣ በሃርዌል የአቶም ምርምር ጣቢያ፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1949 ንድፉ ተጀምሮ በ1951 ሥራውን የጀመረው ኮምፒዩተር፣ ክብደቱ 2.5 ቶን ሆኖ ሳለ ሁለት ቍጥሮችን ለማባዛት ከ5 እስከ 10 ሴኮንድ ይፈጅበት ስለ ነበር፣ ዘገምተኛ ቢባል ሐሜት አይሆንም። ዳሩ ግን ትዕግሥቱ የባሕታዊ ነበር፤ አንድ የሒሳብ ሊቅ በእጅ ማስሊያ መኪና ሊወዳደረው ተነሥቶ ግማሽ ሰዓት ያህል እኩል ከሄደ በኋላ ደክሞት ሲተው፣ እርሱ ሳይታክት ቀጠለ። ዴካትሮን የሚባሉት 828 ጋዝ የተሞሉ የመስተዋት ቱቦዎቹም አኃዙን በብርቱካንማ የብርሃን ነጥብ ስለሚያሳዩ፣ መሣሪያው የሚያስበውን (ማሰብ ከተባለ) ተመልካቹ በዓይኑ ያነበዋል።

በ1957 ጣቢያው መሣሪያውን በውድድር ላሸነፈው ለዎልቨርሃምፕተን ኮሌጅ ሰጠው፤ እስከ 1973ም ተማሪ ሲያስተምር ኖረ። በእኔ ግምት ያዳነው ይህ ትሕትናው ነው። ከዚያ የበርሚንግሃም ቤተ መዘክር ተረከበው፤ ቤተ መዘክሩ በ1997 ሲዘጋ ግን አካሉ ተፈታትቶ መጋዘን ገባ።

ተፈታትቶም ቢሆን የመትረፍን ዕድል ያላገኙ አሉ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመንን ምስጢራዊ ጽሕፈት ለመፍታት ያገለገሉት ኮሎሰስ የተባሉት ኮምፒዩተሮች፣ ጦርነቱ ሲያበቃ 10 የነበሩት፣ ምስጢር እንዳይወጣ ሲባል አብዛኞቹ ወዲያው፣ የቀሩትም ቆየት ብለው ተበታተኑ፤ ንድፋቸውንም የፈለሰፋቸው ቶሚ ፍላወርስ ራሱ ታዝዞ በእሳት አቃጠለው። ቶኒ ሴል የተባለ ሰው ከ1993 ጀምሮ ከጥቂት ፎቶግራፎችና መሐንዲሶች ደብቀው ካቈዩት ቍራጭ ንድፍ ተነሥቶ አንዱን እንደ ገና አቆመ። ሥራው እጹብ ድንቅ ነው፤ ቢሆንም ቅጅ ነው፣ የተቃጠለውን የሚመልስ እጅ የለም።

የሃርዌሉን ግን፣ በመጋዘን ዕቃ መካከል በተነሣ አንድ ፎቶግራፍ ላይ መቈጣጠሪያ ሰሌዳው በዐዋቂ ዓይን ስለ ታየ፣ በጎ ፈቃደኞች ከ2009 ጀምሮ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ የተሰነጠቀ ብራና እንደሚሰፋ ደብተራ፣ የቀድሞውን አካል በተቻለ መጠን ሳይለውጡ ጠገኑት። ያረጀውን ክፍል ጥሎ በአዲስ መተካት ይቀል ነበር፤ እንዲህ እያሉ ሲተኩ ግን መጨረሻው ከኮሎሰሱ ቅጅ በምን ይለያል? በኅዳር ወር 2012 በብሌችሊ ፓርክ፣ በብሔራዊው የኮምፒዩተር ሙዚየም፣ ነጥቦቹ እንደ ገና መዞር ጀመሩ። ዛሬም ለማባዛት 10 ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል።