ዜና ስሙ ለምኒልክ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ። የአንድ ስም ዜና እንጽፋለን፤ ከየት እንደ ወጣ፣ እነማን እንደ ተሸከሙት፣ ወዴት ወዴት እንደ ተበተነ። የምጽፈው በአረርቲ፣ በምንጃርና ሸንኮራ ምድር ተቀምጬ፣ የጤፍ እብቅ በየአውድማው በሚበንበት ሰሞን ነው። ከአባቶቼ ጀምሮ የሸዋን ቤት እንጀራ ከበሉት ወገን ነኝና ብዕሬ ወደዚያው ቢያዘነብል አይፈረድብኝ።

በአገራችን የቤት ስም የለም። ልጅ የአባቱን ስም ከስሙ አስከትሎ ይሸከማል፤ የእርሱ ልጅ ደግሞ በእርሱ ይጠራል። ሴትም ብታገባ በአባቷ ስም ትኖራለች፣ ባሏ ልዑል ቢሆን እንኳ። የቀደሙት ግን ተረስተው አይቀሩም። ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌዎች ዋርካ ሥር ተቀምጠው እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ፤ አንዱ ሲዘል ሌላው «ቆይ፣ እገሌን ረሳህ» ብሎ ይመልሰዋል። በርስት ዘመንም ክርክሩ የሚያበቃው ከአቅኚው አባት ሲደረስ ነበር፤ መሬቱም በእርሱ ስም ይጠራ ነበር።

በሰሜን ባሕር ዳር ባለችው በኖርዌይ ነገሩ ቀድሞ እንደ እኛው ነበር። የሐንስ ልጅ ሐንሰን ይባላል፤ የእርሱ ልጅ ግን ሐንሰን አይባልም፣ በገዛ አባቱ ይጠራል። በዚያ ላይ የሚያርስበት ቦታ ስም ይጨመርለታል፤ ቦታውን ሲለቅ ስሙም ይለቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1923 ሕግ ወጣና እያንዳንዱ ቤተሰብ የማይለወጥ አንድ ስም ይያዝ ተባለ። ብዙዎች የእርሻቸውን ስም ያዙ፤ በአንድ ኮረብታ ላይ ብቻ የነበረ ስምም የአንድ ቤተሰብ ብቻ ሆኖ ቀረ። ዛሬ 200 ወይም ከዚያ ያነሱ ሰዎች የሚጠሩበትን ስም ያለ ባለቤቶቹ ፈቃድ ማንም አይወስደውም። እኔም ይህን ሰምቼ «ከእኛስ ስሞች እንዲህ ብርቅ የሆነው የቱ ነው?» ብዬ ሳወጣ ሳወርድ ምኒልክ ላይ ደረስሁ።

ክብረ ነገሥት በይነ ልሕክም ይለዋል። ይህም እብነ ሐኪም፣ የጠቢቡ ልጅ ማለት ነው፤ ጠቢቡም ሰሎሞን። ኢየሩሳሌም ወርዶ በተቀባ ጊዜ ግን ዳዊት ተባለ፣ በአያቱ ስም። ከዚያ ወዲህ ዳዊት ተደጋገመ፤ ዮሐንስም፣ ተክለ ሃይማኖትም፣ ኢያሱም እየተመላለሱ ነገሡ። ምኒልክ ግን ሳይነካ ኖረ። የጻድቅ ወይም የሰማዕት ስም አይደለምና በወር በዓል የሚታሰብበት ቀን የለውም፤ ካህን ለክርስትና አያወጣውም። ስለዚህ ነው ብርቅ የሆነው።

በአንኮበር ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ነበሩ። ስለ እርሳቸው ብዙ መጻፍ ይቻላል። አገሩን አሰፉ፤ አንጎለላን ከተማ አደረጉ፤ በኅዳር 1834 ዓ.ም. ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከካፒቴን ሐሪስ ጋር ውል ተዋዋሉ። ይህን ስም ለራሳቸው ሊወስዱት አስበው ሳለ፣ አንድ መነኩሴ «ለአንተ አይሆንም፣ ለልጅ ልጅህ ነው» ብሎ ከለከላቸው ይባላል። በ1836 ዓ.ም. በዘመነ ዮሐንስ፣ ነሐሴ 12 ቀን ቅዳሜ፣ በቅዱስ ሚካኤል ዕለት፣ ለልጃቸው ለኃይለ መለኮት በአንጎለላ ወንድ ልጅ ተወለደ። እናቱ ወይዘሮ እጅጋየሁ ናቸው፤ ደግ ሴት ነበሩ፣ እግዚአብሔርም ዝቅ ያለውን ከፍ ያደርጋል። የክርስትና ስሙ ሣህለ ማርያም ሆነ፤ አያቱ ግን ምኒልክ አሉት። «ምን ይልህ ሸዋ» ከሚለው የወጣ ነው የሚሉ አሉ። ይህ የጨዋታ ወዳጆች ነገር ነው፤ እኔ አልቀበለውም። ሸዋ ምን እንዳለ ግን አይካድም፤ ብዙ ብሏል። አያትየው ስሙን ሰጥተው ብዙ አልቆዩም፤ በ1840 ዓ.ም. አረፉ።

በ1848 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ወደ ሸዋ መጡ። ንጉሥ ኃይለ መለኮት በዚያው ሰሞን ዐረፉ፤ መኳንንቱም ሕፃኑን ምኒልክን ይዘው ወደዚህ ወደ እኛ ቆላ ወረዱ። በረኸት ከምንጃር ድንበርተኛ ናት፤ በዚያ የሆነውን እግዚአብሔር ያውቃል።

ሕፃኑ በአፄ ቴዎድሮስ እጅ ወደቀ፤ ስሙም ዐሥር ዓመት ያህል በአምባቸው በመቅደላ ኖረ። ምኒልክ በዚያ ስለ መዳራቸው አልጽፍም። በ1857 ዓ.ም. በሰኔ መጨረሻ፣ በሌሊት፣ ከአምባው ወጡ። የወሎዋ ገዥ ወርቂት በአገሯ አሳለፈቻቸው፤ ስለ ውለታዋም ልጇን ከፈለች። የሸዋ ሰው ይህን ሲያነሣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። ከዚህ በኋላ አንኮበር ገቡ፤ ሸዋን ይገዛ የነበረው አቶ በዛብህም ሊቋቋማቸው አልቻለም፤ ሕዝቡ «የጌታችን ልጅ መጣ» አለ። ልብ በል፤ «የጌታችን ልጅ» እንጂ «ምኒልክ» አላለም። ስሙ ገና አልተለመደም ነበርና።

ከዚያ ወዲያ ያሉትን ዓመታት በአጭሩ አልፋለሁ። በ1870 ዓ.ም. በልቼ ከአፄ ዮሐንስ ጋር ፍቅርና ሰላም ሆነ። በ1882 ዓ.ም. በዘመነ ማርቆስ፣ ጥቅምት 25 ቀን እሑድ፣ በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ጫኑ፤ ዳግማዊ ምኒልክ ተባሉ።

አሁን ወደ ዓድዋ እንለፍ፤ ስሙ ከሸዋ ወጥቶ የዓለም የሆነው በዚያ ነውና። ነገሩ ከውጫሌ ይጀምራል። በ1881 ዓ.ም. ሚያዝያ 25 ቀን የተጻፈው ውል በ17ኛው ክፍል በአማርኛ አንድ፣ በጣልያንኛ ሌላ ይል ነበር፤ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በጣልያን በኩል መነጋገርን አማርኛው «ቢፈልጉ» ሲል ጣልያንኛው ግዴታ አደረገው። ንጉሠ ነገሥቱ ይህን ባወቁ ጊዜ ውሉን ጣሉት። በ1888 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ከአዲስ አበባ ተነሡ፤ ሠራዊቱ በወረኢሉ ተሰበሰበ፤ የአራዳው ቅዱስ ጊዮርጊስ ታቦትም አብሮ ወጣ። ከየአገሩ የመጣው ሰው ስንቁን በአህያና በሴቶች ትከሻ ጭኖ፣ ቆሎና በሶ ይዞ፣ ወራት የሚያስኬደውን መንገድ ሄደ። ኅዳር 28 ቀን አምባ አላጌ ላይ ራስ መኮንን፣ ራስ ሚካኤልና ራስ መንገሻ የጣልያኑን ሻለቃ ቶዜሊን ከነጦሩ ደመሰሱት። በመቀሌ ምሽግ እቴጌ ጣይቱ ውኃውን አስያዙ፤ የተጠማ ጠላት ያለ ብዙ ደም ለቆ ወጣ። ይህ የእቴጌይቱ ምክር ነው፤ ዛሬም ቢሆን በወንዶቹ ስም የሚቆጥሩት አሉ፣ ተሳስተዋል።

የካቲት 23 ቀን እሑድ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት፣ ሌሊት የተነሣው የጣልያኑ ጄኔራል የባራቲየሪ ጦር በተራራዎቹ መካከል መንገድ ተሳስቶ ተለያየ። ከጄኔራሎቹ አልቤርቶኔ ከሌሎቹ ቀድሞ ርቆ ገባ፤ ንጋት ላይ ተከበበ፤ ተማረከ። አሪሞንዲና ዳቦርሚዳ ሞቱ። ካህናት እየቀደሱ፣ ነፍጥ እየጮኸ፣ በጦሩ መካከል የሚሰማው ስም ምኒልክ አልነበረም፤ «አባ ዳኘው» ነበር፣ የፈረሳቸው ስም። ወታደር ጌታውን በፈረሱ ይጠራል። ድሀው ደግሞ «እምዬ» ይላቸው ነበር፤ ወንድ ንጉሥን እናት ብሎ መጥራት በሌላ አገር መኖሩን አልሰማሁም። ምኒልክ የሚለውን ስም እየጮኸ የተናገረው ባዕድ ነው። በፈረንሳይ የፕቲ ዡርናል ጋዜጣ መልካቸውን በቀለም አተመ፤ በለንደንም ከዓድዋ በቀጣዩ ዓመት ቫኒቲ ፌር የተባለው መጽሔት ሥዕላቸውን አወጣ። ከጣልያን ጋር ተሰልፈው በተያዙት አበሾች ላይ ስለ ተፈረደው ፍርድ ሌላ ሰው ይጻፍ።

ክብሩ እንዲህ ሲሆን የስሙ ቤት ግን ጠባብ ነበር። «ምኒልክ» የሚለውን እንደ አባት ስም ከስማቸው አስከትለው ከታወቁት ልጆች አንድ ወንድ በለጋነቱ ተቀጠፈ። የቀሩት ሁለቱ ሴቶች ናቸው፤ ሸዋረጋ ምኒልክና ዘውዲቱ ምኒልክ። ሴት የአባቷን ስም እስከ መቃብሯ ትሸከማለች፤ ለልጇ ግን አታወርሰውም። የሸዋረጋ ልጅ ኢያሱ ሚካኤል ሆነ። በግንቦት 1901 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተብሎ ቢታወጅም የሚሸከመው የአባቱን የራስ ሚካኤልን ስም ነበር። ሕጋችን እንዲህ ነው፤ ንጉሥም አያመልጠውም።

ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ዐረፉ። ልቅሶውም በይፋ አልተለቀሰም። በኢያሱ ዘመን የሆነውን በመስቀል ዕለት 1909 ዓ.ም. እርሱን ሽሮ በተነበበው አዋጅ መኳንንቱ ተናግረዋል፤ እኔ አልደግመውም፤ ልጅ ነበረ። ጥቅምት 17 ቀን አርብ በሰገሌ ሜዳ ሸዋና የኢያሱ አባት አገር ወሎ ተዋጉ። ሁለቱም ወገን የአንድ ንጉሥ ልጅና የልጅ ልጅ ስም ይዞ ነው የተዋጋው። ሸዋ አሸነፈ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። የካቲት 4 ቀን ዘውዲቱ ነገሡ። የነገሡትም የምኒልክ ልጅ ስለ ሆኑ ነው፤ ከዚህ የሚበልጥ ደብዳቤ አላስፈለጋቸውም። መጋቢት 24 ቀን 1922 ዓ.ም. ዘር ሳይተዉ ዐረፉ። ስሙ እንደ ቤት ስም ቢቆጠር ኖሮ በዚያን ቀን ማለቁ ነበር።

ግን አላለቀም፤ መንገድ ለወጠ። አባት ለልጅ የማያወርሰውን ስም ከተማው ወሰደው። በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቱና ሆስፒታሉ ስሙን ይዘዋል። በፈረስ ላይ ያለው ሐውልት በጥቅምት 1923 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ጣልያን ሲገባ አነሣው፤ ጣልያን ሲወጣ ተመለሰ። ከደብረ ሲና በላይ በጣርማ በር ገደል አፋፍ ላይ «የምኒልክ መስኮት» የሚባል ስፍራ አለ፤ ቆላው ከእግርህ ሥር ተዘርግቶ ይታያል፤ ዝንጀሮዎቹም ሰው አይፈሩም። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ቁጥሩ ነው። «ዳግማዊ» ማለት ሁለተኛ ማለት ብቻ ነበር፤ ዛሬ ዳግማዊ እየተባለ የሚጠራ ወጣት በየትምህርት ቤቱ አለ። ስሙን ለመድፈር የፈራ ቁጥሩን ወሰደ መሰለኝ።

በባሕር ማዶም ጥቁር ሕዝብ የዓድዋን ዜና በሰማበት ስሙ ተተከለ። እ.ኤ.አ. በ1954 ባርቤዶስ የተወለደው፣ በለንደን ፊልም የሠራው ምኒልክ ሻባዝ ነበረ። በማንቸስተር ተወልዶ በአሜሪካ ኳስ የታወቀው ምኒልክ ዋትሰን አለ። በፈረንሳይም በካሜሩን የተወለደ፣ በምኒልክ ስም የሚዘፍን ራፐር አለ። ከእነዚህ አንዱም የአንጎለላን ኮረብታ አላየም ይሆናል። እናትና አባት ወይም ራሳቸው መርጠው ወሰዱት እንጂ ከአባት አልወረዳቸውም። ሌላው የሸዋ ልጅ፣ ተፈሪ መኮንን፣ በማዕረጋቸውና በስማቸው ሃይማኖት እንደ ተሰየመ ስናስብ ግን ይህ ብዙ አያስደንቅም።

በእኚሁ በተፈሪ መንግሥት ዘመን፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ለእያንዳንዱ ኢትዮጵያዊ «የቤተ ዘመድ ስም» ይኑረው አለ። ሕጉን የነደፉት ሊቅ ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ናቸው። ሕጉ መልካም ሕግ ነው፤ ሕዝቡም በአክብሮት ሰማው። በውጭ አገር ያሉት ልጆቻችን ግን በግድ ገቡበት። የአየር ማረፊያው ቅጽ «የቤተሰብ ስም» ሲላቸው የአያታቸውን ጻፉ፤ አያትየውም ሳያውቁት የአንድ ቤት አባት ሆኑ። ወንድም በአባቱ፣ እኅት በአያቷ ተመዝግበው «ዘመዳሞች ናችሁን?» ተብለው የተጠየቁ አሉ።

አዋጅ ቁጥር 760/2004 ወጥቶ፣ ከ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የልደት መዝገብ በየቀበሌው ተከፈተ። በእኛ አረርቲም አንድ ቀን ለራሴ ጉዳይ ወረፋ ይዤ ተቀምጬ ነበር። ፊት ለፊቴ አንድ ገበሬ፣ ጫማው ላይ የጥቁር አፈር ጭቃ የደረቀበት፣ ሕፃን ካዘለች ሚስቱ ጋር ቆሟል። ጸሐፊዋ ልጅ እግር ናት፤ ብዕሯን በጣቶቿ መካከል እያሽከረከረች «የሕፃኑ ስም?» አለች።

«ምኒልክ» አለ።

ጻፈች። ሰውየው አንገቱን አስግጎ ከላይ ወደ ታች ሲያነብ አየሁት። ከዚያ ጣቱን ዘርግቶ መዝገቡ ላይ አኖረ።

«ሚ አይደለም፣ እትዬ። ም ነው። ሊም አይደለም፣ ል ነው።»

«ሁሉም ሚኒሊክ ብሎ ነው የሚጽፈው።»

«አያቴ ም ነው ያለኝ።»

ልጅቱ ወደ እኔ ተመለከተች፤ ጥምጣሜን አይታ ይሆናል። እኔም «ም ነው» አልሁ። ሰረዘችው፤ ከላዩ ደግማ ጻፈች፤ በስርዙ አጠገብም ፈረመች። የአባት ስም በሚለው ሥር የገበሬውን ስም፣ የአያት ስም በሚለው ሥር የአባቱን ስም ሞላች። ሕፃኑ አልቃሻ ነበርና እናቲቱ ጡት ልትሰጠው ወደ ውጭ ወጣች።