ከሠንጠረዥ እስከ ካሜራ፦ የቤዝቦል ቁጥር አጥኚዎች ሙያ አመጣጥ

ቤዝቦል ከብዙዎቹ የኳስ ጨዋታዎች ይልቅ ለቆጠራ ይመቻል። እግር ኳስ ያለማቋረጥ የሚፈስ ሲሆን ቤዝቦል ግን በወርዋሪና በመቺ መካከል ተራ በተራ በሚደረጉ ግጥሚያዎች የተከፋፈለ ነው። ወርዋሪው ይወረውራል፤ መቺው ይመታል ወይም ይስታል፤ ውጤቱ ከታወቀ በኋላ ቀጣዩ ይገባል። አንድ ቡድን ሦስት ተጫዋቾች ሲቃጠሉበት ተራውን ለተጋጣሚው ይለቃል፤ ሁለቱ ቡድኖች በመደበኛው ጨዋታ ዘጠኝ ዘጠኝ ጊዜ ይፈራረቃሉ። ስለዚህ ሜዳ ላይ የሆነው ነገር በእርሳስና በወረቀት ተመዝግቦ ሊደመር፣ ሊካፈልና ሊነጻጸር ይችላል። በአሜሪካ ይህን መዝገብ የሚይዙና የሚመረምሩ ሰዎች ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ኖረዋል። ሥራው በየክለቡ ቋሚ ደመወዝ የሚከፈልበት ሙያ የሆነው ግን በአብዛኛው ከ2000 ወዲህ ነው (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በእነዚህ ዓመታት የሚመዘገበው ነገር ከአንድ ጨዋታ ወደ አንድ ውርወራ፣ ከዚያም ወደ ተጫዋቹ የክንድ እንቅስቃሴ እየረቀቀ ሄዷል፤ በረቀቀ ቁጥርም አዲስ ዓይነት ሠራተኛ ተፈልጓል።

የመጀመሪያዎቹ ቆጣሪዎች ጋዜጠኞች ነበሩ። ሄንሪ ቻድዊክ በ1824 በእንግሊዟ ኤክሰተር ከተማ ተወልዶ በ1837 ከቤተሰቡ ጋር ወደ አሜሪካ መጣ። በኒው ዮርክ አካባቢ ክሪኬት ሲዘግብ ቆይቶ ወደ ቤዝቦል ተሳበ። ከ1850ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ የእያንዳንዱን ተጫዋች ሥራ በአጭር ሠንጠረዥ የሚያሳየውን የጋዜጣ ዘገባ አሻሽሎ አስፋፋ። ጨዋታውን ያላየ አንባቢ ማን ነጥብ እንዳስገባና ማን እንደተቃጠለ ከሠንጠረዡ ማወቅ ቻለ። ቻድዊክ ለሙሉ ጨዋታ መመዝገቢያ የሚሆኑ ምልክቶችንም ቀርጿል። በ1908 ከሞተ ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በ1938፣ ስሙ በቤዝቦል የክብር መዝገብ ውስጥ ገባ።

በሃያኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ቁጥር ራሱን የቻለ ሸቀጥ ሆነ። በ1910ዎቹ አል ሙንሮ ኤላያስና ወንድሙ ዋልተር ኒው ዮርክ ውስጥ የቤዝቦል ስታቲስቲክስ እያዘጋጀ ለጋዜጦች የሚያቀርብ ቢሮ ከፈቱ። በስማቸው የሚጠራው ድርጅት እስከ ዛሬ ድረስ የአሜሪካ የቤዝቦል ዋናው ሊግ መዝገብ ያዥ ነው። የእንዲህ ያሉ ቢሮዎች ሠራተኞች ግን ይደምሩ ነበር እንጂ አይጠይቁም ነበር። የጠየቀው የ‹ቤዝቦል ማጋዚን› አዘጋጅ ኤፍ. ሲ. ሌን ነው። በጊዜው የመቺዎች ዋነኛ መለኪያ የመምታት አማካይ ነበር፤ ይህ መለኪያ አንድ ቤዝ (መቺው ሮጦ የሚደርስበት የሜዳ ማዕዘን) ብቻ የሚያስገኘውንም ሆነ ኳሱን ከሜዳ አውጥቶ ነጥብ የሚያመጣውን ምት እኩል ይቆጥራል። ሌን በ1916 ባወጣው ጽሑፍ ይህን አሠራር የሳንቲሞቹን ዋጋ ትቶ ብዛታቸውን ብቻ እየቆጠረ ሀብቱን ከሚያሰላ ሰው ጋር አመሳሰለው። ክርክሩ ትክክል ቢሆንም የሰማው ክለብ አልነበረም።

ቁጥር አጥኚን በቋሚነት የቀጠረ የመጀመሪያው ክለብ ብሩክሊን ዶጀርስ ነው። የክለቡ አለቃ ብራንች ሪኪ የሞንትሪያል ተወላጁን አለን ሮትን የቀጠረው በ1947፣ ማለትም ጥቁሩን ተጫዋች ጃኪ ሮቢንሰንን አሰልፎ የዋናውን ሊግ የዘር አጥር በሰበረበት ዓመት ነው። ሮት የቡድኑን ጨዋታዎች ውርወራ በውርወራ ይመዘግብ ነበር። መቺው በግራ እጁ ከሚወረውርና በቀኝ እጁ ከሚወረውር ተጋጣሚ ጋር ምን እንደሚያደርግ፣ ቤዝ ላይ ሰው ሲኖርና ሳይኖር ውጤቱ እንዴት እንደሚለያይ ለይቶ ያቀርባል። በ1954 ‹ላይፍ› መጽሔት ላይ በሪኪ ስም የወጣው ጽሑፍም በሮት ስሌት ላይ የቆመ ነበር። ጽሑፉ ለመቺ ዋነኛው ነገር ቤዝ መድረስ ነው ይላል፤ አራት የተበላሹ ውርወራዎችን ታግሶ በነፃ ወደ መጀመሪያው ቤዝ የሚያልፍ ተጫዋች የመምታት አማካዩ ከሚነግረን በላይ ዋጋ አለው። ሪኪ በ1950 ክለቡን ከለቀቀ በኋላ ግን የሮት ቁጥሮች ከአሠልጣኞቹ ይልቅ ለሬዲዮና ለቴሌቪዥን አስተላላፊዎች ይጠቅሙ ጀመር። እርሱም በ1964 ዶጀርስን ተሰናበተ። ቦታው በአንድ አለቃ ፍላጎት የተፈጠረ በመሆኑ የሙያ መስመር ሊሆን አልቻለም።

ቀጣዩ እርምጃ የመጣው ከወታደራዊ ሳይንስ ነው። የካናዳ የመከላከያ ተመራማሪው ጆርጅ ሊንድሴይ በ1959 እና በ1963 በሙያ መጽሔት ላይ ባሳተማቸው ጥናቶች የጨዋታውን ሁኔታ በ24 ከፈለው፦ የተቃጠሉት ተጫዋቾች ዜሮ፣ አንድ ወይም ሁለት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሦስቱ ቤዞች ደግሞ በስምንት መንገድ ሊያዙ ይችላሉ። ከዚያ ቡድኑ ከእያንዳንዱ ሁኔታ ተነስቶ ተራው እስኪያበቃ በአማካይ ስንት ነጥብ እንደሚያገኝ አሰላ። ማንም ሳይቃጠል አንድ ሰው በመጀመሪያው ቤዝ ላይ ሲኖር አማካዩ 0.8 ገደማ ነው፤ መቺው ራሱን አቃጥሎ ጓደኛውን ወደ ሁለተኛው ቤዝ ካሻገረው ግን ወደ 0.7 ይወርዳል። አሠልጣኞች ለትውልዶች እንደ ብልሃት የያዙት መስዋዕትነት በአብዛኛው ኪሳራ መሆኑ በአንድ ሠንጠረዥ ታየ። ሠንጠረዡ ዛሬም በየክለቡ ይሠራበታል፤ በወጣበት ጊዜ ግን ከሜዳው ሰዎች ያነበበው ጥቂት ነው።

እስከዚያ ድረስ የታመነ የጋራ መዝገብ አልነበረም። በ1969 የማክሚላን አሳታሚ ድርጅት ያወጣው የቤዝቦል ኢንሳይክሎፒዲያ ይህን ክፍተት ሞላ። በዴቪድ ኔፍት የሚመራው ቡድን የድሮ ጋዜጦችን አገላብጦ የሺዎች ተጫዋቾችን መዝገብ በኮምፒውተር አቀናበረ፤ ከሁለት ሺህ ገጽ በላይ ያለው መጽሐፍም ተገኘ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በነሐሴ 1971፣ ቦብ ዴቪድስ የጠራቸው አጥኚዎች ኩፐርስታውን በሚገኘው የቤዝቦል ሙዚየም ቤተ መጻሕፍት ተሰብስበው የአሜሪካ የቤዝቦል ጥናት ማኅበርን መሠረቱ። መሥራቾቹ 16 ነበሩ። ማኅበሩ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ሳበር ይባላል፤ የቁጥር ጥናቱ መጠሪያ ሳበርሜትሪክስም ከዚሁ ወጥቷል።

ስያሜውን ያወጣው ቢል ጄምስ ነው። ጄምስ ካንሳስ ውስጥ ሎረንስ በምትባል ከተማ በአንድ የታሸገ ምግብ ፋብሪካ የሌሊት ጥበቃ ነበር። በ1977 በራሱ ወጪ ያሳተመው የመጀመሪያው ‹ቤዝቦል አብስትራክት› የተሸጠው 75 ቅጂ ያህል ብቻ ነው። ከ1982 ጀምሮ ትልቅ አሳታሚ ሲያገኝ በአገር ደረጃ ተነበበ። ጄምስ ስሌትን በጥሩ ጽሑፍ አዋዝቶ ማቅረብ ያውቅ ነበር፤ ከመልስ ይልቅ ከጥያቄ ይነሳል፤ አንባቢው ራሱ መመርመር እንዲጀምር ያደርጋል። በ1984 የራዳር ባለሙያው ፒት ፓልመር ከታሪክ ጸሐፊው ጆን ቶርን ጋር ያሳተመው መጽሐፍም የእያንዳንዱን ምት ዋጋ በነጥብ ተመነ።

አንባቢዎቹ አጥኚ ሲሆኑ መጀመሪያ የገጠማቸው ችግር የመረጃ እጦት ነበር። የየጨዋታው ዝርዝር በሊጉና በመዝገብ ቢሮው እጅ ተይዟል። በ1984 ጄምስ ባቀረበው ጥሪ በጎ ፈቃደኞች ጨዋታዎቹን ራሳቸው መመዝገብ ጀመሩ። ስታትስ የተባለው ኩባንያ ደግሞ ተመሳሳይ ሥራ ለሚሠሩ መዝጋቢዎች ክፍያ እየሰጠ ውጤቱን ለመገናኛ ብዙኃንና ለክለቦች ሸጠ። በ1989 የደላዌር ዩኒቨርሲቲ የባዮሎጂ መምህር ዴቪድ ስሚዝ ሬትሮሺትን መሠረተ፤ ድርጅቱ የድሮ ጨዋታዎችን ዝርዝር እየሰበሰበ በነፃ ያሰራጫል። የኋለኞቹ ተንታኞች ሙያውን የተማሩት በአብዛኛው በዚህ ነፃ መረጃ ላይ ነው።

ክለቦች በሩን የከፈቱት ቀስ በቀስ ነው። በ1980ዎቹ ቴክሳስ ሬንጀርስ ክሬግ ራይትን በሳበርሜትሪክስ ባለሙያነት ቀጠረ። በኦክላንድ ክለብ የሕግ ባለሙያ የነበረው ሥራ አስኪያጅ ሳንዲ አልደርሰን ጸሐፊውን ኤሪክ ዎከርን ጥናት አስጠና። በ1997 ሥራ አስኪያጅነቱን የወረሰው የቀድሞ ተጫዋች ቢሊ ቢን ደግሞ በሃርቫርድ ኢኮኖሚክስ የተማረውን ፖል ዲፖዴስታን ቀጠረ። ስልታቸው ቀላል ነበር፦ ገበያው አሳንሶ የተመናቸውን፣ በተለይ ቤዝ መድረስ የሚችሉትን ተጫዋቾች በርካሽ መግዛት። በ2002 ኦክላንድ 40 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ደመወዝ ከፍሎ 103 ጨዋታ አሸነፈ፤ ከ120 ሚሊዮን በላይ የከፈለው ኒው ዮርክ ያንኪስም ያሸነፈው ያንኑ ያህል ነው። ማይክል ሉዊስ ይህን ታሪክ በ2003 በ‹መኒቦል› መጽሐፉ ተረከው፤ በ2011ም ፊልም ሆነ።

የሥራ ገበያው ከዚያ በኋላ ተለወጠ። በሸቀጥ ንግድ ስሌት የከበረው የቦስተን ሬድ ሶክስ ባለቤት ጆን ሄንሪ ቢል ጄምስን በ2002 መገባደጃ ቀጠረው፤ ክለቡም በ2004 ከ86 ዓመት በኋላ ሻምፒዮን ሆነ። በበይነ መረብ ላይ የሚጽፉ አማተሮች አንድ በአንድ ወደ ክለቦች ተጠሩ። ከናሳ የመጣው መሐንዲስ ሲግ መይዳል በሴንት ሉዊስ፣ በሂውስተንና በባልቲሞር ተከታትሎ ሠራ። በ1990 በቺካጎ ዋይት ሶክስ በልምምድ ሠራተኝነት የጀመረችው ኪም ኢንግ በ2020 የማያሚ ክለብ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆና ተሾመች፤ በሊጉ ታሪክ ለቦታው የበቃች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ኤም.አይ.ቲ. ከ2007፣ ሳበር ደግሞ ከ2012 ጀምሮ የሚያካሂዷቸው ዓመታዊ ጉባኤዎች ለሥራ ፈላጊዎች መተዋወቂያ ሆኑ።

የሚፈለገውን ዕውቀት ግን ይበልጥ የለወጠው መሣሪያው ነው። ከ2006 ጀምሮ ካሜራዎች የእያንዳንዱን ውርወራ ፍጥነትና አቅጣጫ መለካት ጀመሩ። በ2015 በሁሉም የዋናው ሊግ ሜዳዎች ሥራ የጀመረው ስታትካስት የተመታውን ኳስና የተጫዋቾቹን ሩጫ ጨመረ፤ በ2020 የገቡት ካሜራዎች ደግሞ የወርዋሪውን መገጣጠሚያዎች እንቅስቃሴ ይከታተላሉ። በሠንጠረዥ ይሠራ የነበረው ሰው በቢሊዮን የሚቆጠር መረጃ ሲቀርብለት ፕሮግራመር፣ የዳታ መሐንዲስና የሰውነት እንቅስቃሴ ባለሙያ ማስፈለጉ አልቀረም። በአሁኑ ጊዜ አንድ ክለብ በምርምርና ልማት ክፍሉ በርካታ ሰዎችን ያሠራል። አዲስ ገቢዎች በአብዛኛው በአነስተኛ ክፍያ በልምምድ ይጀምራሉ፤ ከቤዝቦል ዕውቀት ጋር የፕሮግራም ቋንቋና ስታቲስቲክስ ይጠየቃሉ።

መረጃው ዋጋ ሲያወጣ ምሥጢርም ሆነ። ድሮ በነፃ ይጽፉ የነበሩ ተንታኞች ሲቀጠሩ ግኝታቸው በክለቡ ግድግዳ ውስጥ ቀረ። በ2016 የሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ የተጫዋቾች ምልመላ ኃላፊ የነበረ ሰው የሂውስተንን የኮምፒውተር መዝገብ ሰብሮ በመግባቱ 46 ወር እስራት ተፈረደበት፤ ክለቡም ሁለት ሚሊዮን ዶላር ለሂውስተን እንዲከፍል ተደረገ። ትንተናው የጨዋታውን መልክም ለወጠ። ተከላካዮች ኳስ ወደሚበዛበት አንድ ጎን እንዲሰባሰቡ የሚያደርገው አሰላለፍ እጅግ ስለተስፋፋ ሊጉ ከ2023 ጀምሮ በሕግ ገደበው።

ያለፈውን የሚያጣራው ጥናት ግን በሌላ መንገድ ሄደ። በዘር መድልዎ ምክንያት ከዋናው ሊግ የታገዱት ጥቁር ተጫዋቾች የራሳቸው ሊጎች ነበሯቸው፤ መዝገባቸው ግን በጥቁሮች ጋዜጦች ውስጥ ተበታትኖ ቀርቷል። አጥኚዎች ለአሥርተ ዓመታት፣ በአብዛኛው ያለ ክፍያ፣ ጋዜጣ በጋዜጣ እየፈለጉ አሰባሰቡት። ዋናው ሊግ በ2020 ማብቂያ ለእነዚህ ሊጎች ዕውቅና ሰጠ፤ በ2024 መዝገባቸውን ከራሱ ጋር ሲያዋህድ ከእነዚሁ ሊጎች ተጫዋቾች አንዱ ጆሽ ጊብሰን በ0.372 የመምታት አማካይ የዋናውን ሊግ ተጫዋች ታይ ኮብን በልጦ የምንጊዜም ቀዳሚ ሆነ። ሙያው በዚህ ረገድ ሁለት ሆኗል፦ ተጫዋቹ ነገ ምን እንደሚያደርግ የሚተነብየው በክለብ ደመወዝ ይሠራል፤ ትናንት ምን እንዳደረገ የሚመረምረው ደግሞ ዛሬም ባመዛኙ የሳበርና የሬትሮሺት በጎ ፈቃደኛ ነው።